ልጅ በዕድሉ ያድጋልን? የልጆች አስተዳደግ በፊንላንድና በኮሪያ



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ርእስ የልጆች አስተዳደግ ነው። በአገራችን «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚል የቈየ አነጋገር አለ። ይህን ቃል ወላጆች ኑሮ ሲከብዳቸው ይጽናኑበታል፤ ዘመድና ጎረቤትም በችግረኛ ቤት ልጅ ሲወለድ የእናቲቱን ልብ ያበረቱበታል። ቃሉ ደግ ቃል ነው። ነገር ግን አስተዋይ የሆነ ሰው ቆም ብሎ «ይህን ዕድል የሚያዘጋጀው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አላግባብ ጠየቀ አይባልም። ለዚህ ጥያቄ ሁለት አገሮች እጅግ የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። አንደኛዋ በአውሮፓ ሰሜን ያለችው ፊንላንድ ስትሆን፥ ሁለተኛዋ በእስያ ምሥራቅ ያለችው ደቡብ ኮሪያ ናት። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ የሁለቱን አገሮች ልጆች ከልደት እስከ ጉርምስና እየተከተልን እንመለከታለን። የማነሣቸው ዓመታት «በእኛ አቈጣጠር» ካላልሁ በቀር በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

እነዚህን ሁለቱን አገሮች የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። አንድ ባለጠጋ አገርና አንድ ድኻ አገር ወስዶ ማነጻጸር ብዙ አያስተምርም፤ ልዩነቱ ሁሉ በገንዘብ ይመካኛልና። ፊንላንድና ኮሪያ ግን መነሻቸው ይቀራረባል። ሁለቱም በባዕድ መንግሥት ሥር ኖረው ነጻነታቸውን ያገኙ፥ ሁለቱም በጦርነት የተጎዱ አገሮች ናቸው። ፊንላንድ ከ1939 እስከ 1944 ባለው ጊዜ ውስጥ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ሁለት ጊዜ ስትዋጋ፥ 70,000 ያህል ልጆቿ ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት በአንገታቸው ታስሮ፥ ከእናቶቻቸው ተለይተው ወደ ስዊድን ተልከዋል። የኮሪያ ልጆች ከ1950 እስከ 1953 የደረሰባቸውን መከራ ደግሞ የእኛው አገር ሰዎች በዓይናቸው አይተውታል። በ1951 ወደዚያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች፥ ጠላትን ከመውጋት ሌላ፥ በቶንግዱቾን ከተማ ወላጆቻቸው የሞቱባቸው ሕፃናት የሚያድጉበትን ቤት ይረዱ ነበር። በጦርነቱ ማግስት ፊንላንድ ከደኗ፥ ኮሪያም ከሕዝቧ ጉልበት በቀር ይህ ነው የሚባል መመኪያ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሁለቱም ተስፋቸውን በልጆቻቸው ላይ ጣሉ። መንገዳቸው የተለያየው ከዚህ በኋላ ነው።

እንግዲህ ከልደት እንጀምር። በ1930ዎቹ ዓመታት በፊንላንድ ከሚወለዱት 1,000 ሕፃናት መካከል 65 የሚሆኑት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። መንግሥቱም ከ1938 ጀምሮ ለችግረኛ እናቶች አንድ የካርቶን ሣጥን ይሰጥ ጀመር፤ ከ1949 ወዲህ ደግሞ ድኻና ሀብታም ሳይለይ ለእናቶች ሁሉ እንዲሰጥ ተደነገገ። በሣጥኑ ውስጥ የሕፃን ልብስ፥ ብርድ ልብስና ሌላም ለአራስ ልጅ የሚያስፈልግ ዕቃ ይገኛል፤ ፍራሽም ስላለበት ሣጥኑ ራሱ ለሕፃኑ አልጋ ሊሆን ይችላል። ሣጥኑን ለመቀበል ግን እናቲቱ የእርግዝናዋ አራተኛ ወር ከማለቁ በፊት ሐኪም ዘንድ ወይም የእናቶችና የሕፃናት ጤና ጣቢያ ቀርባ መመርመር አለባት። በዚህ ዘዴ መንግሥት በስጦታ አሳብቦ እናቶችን ሁሉ ወደ ሐኪም አቀረባቸው። ዛሬ በዚያ አገር በመጀመሪያው ዓመት የሚሞቱት ከ1,000 ሕፃናት ሁለት ገደማ ናቸው። ይህን ያህል ለውጥ ያመጣው ሣጥኑ ብቻ ነው ለማለት አይደለም፤ የሕክምናው ጥበብና የኑሮው መሻሻልም አለበት። ወላጆች ከፈለጉም በሣጥኑ ፈንታ ገንዘብ መውሰድ ይችላሉ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱት አብዛኞቹ የሚመርጡት ሣጥኑን ነው። የሚኒስትር ልጅና የእንጨት ቈራጭ ልጅ በአንድ ዐይነት ሣጥን ውስጥ ተኝተው ኑሮን ሲጀምሩ ማየት ለዚያ ሕዝብ ትልቅ ትርጕም አለው።

ወደ ኮሪያ ስንሻገር ሕፃኑን የሚቀበለው ከመንግሥት ይልቅ ዘመድ ነው። በእኛ አገር ለአራስ ገንፎ እንደሚገነፋ፥ በኮሪያም ለአራሲቱ ከባሕር ቅጠል የተሠራ ሾርባ ይቀርብላታል። ሕፃኑ ከእናቱ ጀርባ አይወርድም ነበር፤ እርሱን ማዘያ የሆነውን ጨርቅ ፖዴጊ ይሉታል፤ የእኛ እናቶች ቢያዩት አንቀልባ ነው ከማለት አይመለሱም። ልጁ በተወለደ በ100ኛው ቀን ከሩዝ የተሠራ ዳቦ ለጎረቤት ይታደላል። አንድ ዓመት ሲሞላው ደግሞ ጥሩ ልብስ ለብሶ ልዩ ልዩ ዕቃ የተደረደረበት ገበታ ፊት ይቀመጣል። በገበታው ላይ ክር፥ ገንዘብ፥ ሩዝና የጽሕፈት ብርዕ ይኖራል። ልጁ ክሩን ያነሣ እንደ ሆነ ዕድሜው ይረዝማል፥ ገንዘቡን ያነሣ እንደ ሆነ ባለጠጋ ይሆናል፥ ብርዑን ያነሣ እንደ ሆነ የተማረ ሰው ይወጣዋል ይባላል። በዘመናችን የሐኪም ማዳመጫና የዳኛ መዶሻ የሚጨምሩ ወላጆችም አሉ። ዘመድ ሁሉ ልጁን ከቦ «ምን ያነሣ ይሆን?» እያለ ይስቃል፤ ጨዋታ ነውና። ነገር ግን ያ ልጅ ትንሽ ከፍ ሲል ጨዋታው ወደ ቁም ነገር ይለወጣል፤ ወላጆቹም ብርዑን እስኪያነሣ ድረስ ተቀምጠው የሚጠብቁ አይደሉም።

አሁን ደግሞ ሁለቱን ልጆች በሰባት ዓመታቸው እንያቸው። የፊንላንዱ ልጅ መደበኛ ትምህርት የሚጀምረው ሰባት ዓመት በሚሞላው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ባለው አንድ ዓመት ወደ ቅድመ ትምህርት ይገባል፤ ይሁን እንጂ የሚበዛው ጊዜ በጨዋታ ያልፋል። ሕፃን ሳለ በክረምት ቅዝቃዜ በሚገባ ተጠቅልሎ በጋሪው ውስጥ ከቤት ውጭ ይተኛ ስለ ነበረ ብርድን አይፈራም። ብዙዎቹም ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ብቻቸውን በእግራቸው ወይም በብስክሌት ነው። በመጀመሪያው ክፍል ትምህርቱ በሳምንት 20 ሰዓት ገደማ ሲሆን፥ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 ደቂቃ ትምህርት በኋላ 15 ደቂቃ ዕረፍት አለ፤ በረዶ ቢወርድም ልጆቹ ወደ ግቢው ወጥተው ይሯሯጣሉ። ትምህርቱና መጽሐፉ ያለ ክፍያ ነው። ምሳውም እንዲሁ፤ ይህ ሕግ በ1943 በጦርነቱ መካከል ወጥቶ ከ1948 ጀምሮ በአገሩ ሁሉ ተፈጻሚ ሆኗል። ልጁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ በአገር አቀፍ ደረጃ ዕድሉን የሚወስን ፈተና አይቀመጥም።

የኮሪያው ልጅ ትምህርት የሚጀምረው በስድስት ዓመቱ ገደማ ነው። ነገር ግን የእርሱ ቀን በትምህርት ቤት አያልቅም። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሃግዎን ወደሚባለው የግል ማስጠኛ ቤት ይሄዳል፤ ከአንዱ ሂሳብ፥ ከሌላው እንግሊዝኛ፥ ከሦስተኛው ሙዚቃ ይማራል። የአገሩ መንግሥት ባወጣው ቈጠራ መሠረት በ2024 ከአንደኛ ደረጃ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ካሉት 100 ተማሪዎች መካከል 80ዎቹ በግል የሚከፈልበት ትምህርት ይከታተሉ ነበር፤ ለዚህም ወላጆች በዚያው ዓመት 29.2 ትሪሊዮን ዎን አውጥተዋል። በሴኡል ከተማ እነዚህ ማስጠኛ ቤቶች በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ክፍት እንዳይሆኑ በደንብ ተከልክለዋል። እስቲ አስተውሉት፤ ልጆች እንዲያጠኑ ሳይሆን ማጥናት አቁመው እንዲተኙ ደንብ ማውጣት ያስፈለገበት አገር ነው።

ይህ ሁሉ ዝግጅት የሚደረገው ስለ አንዲት ቀን ነው። በየዓመቱ በኖቬምበር ወር ግማሽ ሚሊዮን የሚያህሉ ወጣቶች ሱንንግ የተባለውን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ይቀመጣሉ። በዚያ ቀን መንገድ እንዳይጨናነቅ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ዘግይተው ይከፈታሉ፤ የዘገየ ተማሪ ካለ ፖሊስ በሞተር ብስክሌት ያደርሰዋል፤ የእንግሊዝኛው የማዳመጥ ፈተና በሚሰጥበት 35 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥም ድምፅ እንዳይረብሽ አውሮፕላኖች እንዳይነሡና እንዳያርፉ ይከለከላሉ። እናቶች በየቤተ መቅደሱና በየቤተ ክርስቲያኑ ተደፍተው ይጸልያሉ። ለተፈታኙም የት የሚባል ከእህል የተሠራ የሚጣበቅ ከረሜላ ይሰጡታል፤ በቋንቋቸው መጣበቅና ፈተና ማለፍ በአንድ ቃል ይነገራልና።

ክቡራን አድማጮች፤ ይህን ስትሰሙ «የኮሪያ ወላጅ ጨካኝ ነው» ብላችሁ እንዳትፈርዱ አደራ እላለሁ። በዚያ አገር የመንግሥት ሹመት በፈተና መሰጠት የጀመረው በ958 ሲሆን፥ ይህ ሥርዐት እስከ 1894 ድረስ ቈይቷል። ስለዚህ ብርዕ ከጎጆ ወደ አዳራሽ የምታሻግር ድልድይ መሆኗን ሕዝቡ ያወቀው ከጥንት ነው። ከጦርነቱም በኋላ ገበሬው ያለውን አንድ በሬ ሸጦ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ዩኒቨርሲቲውን «የበሬ አጥንት ግንብ» ብለው ቀለዱበት። በሬውን የሸጠ አባት ልጁን አይወድም ሊባል አይቻልም። ያ አባት ያየው በር አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ጠባብ ነበር።

በሩ ምን ያህል ጠባብ እንደ ነበረ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በዲሴምበር 1964 በሴኡል ወደ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መግቢያ በተሰጠው ፈተና ላይ የትን ለመሥራት በብቅል ፈንታ ምን ማስገባት እንደሚቻል የሚጠይቅ ጥያቄ ወጣ። ፈታኞቹ ትክክለኛ ያሉት ዲያስታስ የተባለውን ንጥረ ነገር ነበር፤ የፍጅል ጭማቂ ብለው የመለሱት ልጆች ተሳስታችኋል ተባሉ። በአንድ ጥያቄ ምክንያት ልጆቻቸው ከታወቁት ትምህርት ቤቶች የቀሩባቸው እናቶች በፍጅል ጭማቂ እውነተኛ የት ሠርተው፥ ከነድስቱ ተሸክመው ወደ ትምህርት ባለሥልጣኖች ሄዱ፤ «ይኸውና ቅመሱት!» አሏቸው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በማርች 1965 ለእናቶቹ ተፈረደላቸው፤ 38 ልጆችም ወደሚፈልጉት ትምህርት ቤት ገቡ። የ12 ዓመት ልጅ ዕድል በአንድ ድስት ከረሜላ ላይ የተንጠለጠለበት ጊዜ ነበር ማለት ነው።

መንግሥቱም ይህን አይቶ ዝም አላለም። ከ1969 ጀምሮ በሴኡል የመካከለኛ ደረጃ መግቢያ ፈተና ቀርቶ ልጆች በዕጣ እንዲመደቡ ተደረገ። በ1974 በሴኡልና በቡሳን ወደ ሁለተኛ ደረጃ መግቢያውም ለየትምህርት ቤቱ የሚደረገው ፈተና ቀረ። በ1980 ደግሞ የግል ማስጠናት በጠቅላላው ተከለከለ፤ ክልከላውን ግን የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በ2000 ሻረው። ፈተናው ከታችኛው ደረጃ ሲነሣ ጭንቀቱ ወደ ላይኛው ወጣ እንጂ አልጠፋም፤ ምክንያቱም መልካም ሥራና ክብር የሚገኘው በጥቂት ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ብቻ ነው የሚለው እምነት እንዳለ ቀርቷልና። ወንዙ ምንጩ ሳይነካ መንገዱን ቢዘጉበት በሌላ በኩል ይወርዳል።

ፊንላንድስ? ያችም አገር ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረችም። ቀድሞ በዚያ ልጆች በ11 ዓመታቸው ለሁለት ይከፈሉ ነበር፤ ጥቂቶቹ በፈተና ወደ ቀለም ትምህርት ቤት ገብተው እየከፈሉ ሲማሩ፥ የቀሩት በተራው ትምህርት ቤት ይቀሩ ነበር። በ1968 በወጣው ሕግ ግን ሁሉም ልጆች ዘጠኝ ዓመት በአንድ ዐይነት ትምህርት ቤት አብረው እንዲማሩ ተወሰነ። ይህንንም በጥድፊያ አላደረጉትም፤ በ1972 ሩቅ ከሆነው ከሰሜኑ ክፍል ጀምረው፥ ወደ ሄልሲንኪ አካባቢ የደረሱት በ1977 ነው። ለመምህራኑም ከፍተኛ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት እንዲኖራቸው ግድ አደረጉ። የእጅ ሙያ የሚማረውም ወጣት ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚያልፍበት መንገድ ተከፈተለት። ስለዚህ የፊንላንድ እናት ልጇ ከሰዓት በኋላ በበረዶ ላይ ሲጫወት እያየች በሰላም የምትቀመጠው ከኮሪያዊቱ ይልቅ ብልህ ስለ ሆነች አይደለም። በቅርብ ያለው ትምህርት ቤት ጥሩ ስለ ሆነ፥ ዛሬ መጫወቱ ነገ በር እንደማይዘጋበት ስለምታውቅ ነው።

የሁለቱስ ፍሬ ምን ሆነ? የዓለም አገሮችን የ15 ዓመት ተማሪዎች የሚያወዳድረው ፒዛ የተባለው ፈተና በ2000 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ፥ በንባብ ፊንላንድ 546 አግኝታ ቀደመች፤ ኮሪያም 525 አግኝታ ከፍ ካሉት ተርታ ነበረች። ዓለም ሁሉ ወደ ፊንላንድ ጎረፈ። ነገር ግን በ2022 በሂሳብ ኮሪያ 527 ስታገኝ ፊንላንድ ወደ 484 ወርዳ ነበር። ስለዚህ «ጨዋታው ብቻውን ይበቃል» የሚለው ሰው ጥቂት ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በሌላ በኩል የኮሪያ ወጣቶች ለዚህ ውጤት የከፈሉት ዋጋ ቀላል አይደለም፤ በዚያ አገር ለወጣቶች ሞት የመጀመሪያው ምክንያት ራስን ማጥፋት መሆኑን ሳስታውሳችሁ አዝናለሁ። ልጅ ማሳደጉም እጅግ ስለ ከበዳቸው በ2023 አንዲት ኮሪያዊት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የሚገመተው በአማካይ 0.72 ልጅ ብቻ ሆኗል። በፊንላንድም ቍጥሩ ወደ 1.26 ዝቅ ብሏል። ልጆችን ያለ ዱላ በማሳደግ ረገድም ፊንላንድ በ1983 በወጣ ሕግ ወላጆች ልጅ እንዳይመቱ ስትከለክል፥ ኮሪያ ወላጅ ልጁን የመቅጣት መብት አለው የሚለውን አንቀጽ ከፍትሐ ብሔር ሕጓ ያወጣችው በ2021 ነው። እንዲያም ሆኖ ዘመን ሁለቱን በአንድ ጉዳይ አገናኝቷቸዋል፤ በ2025 የሁለቱም አገሮች ፓርላማዎች በትምህርት ሰዓት የእጅ ስልክ መጠቀምን የሚገድብ ሕግ አጽድቀዋል።

አድማጮቼ፤ ይህን ሁሉ ያወራሁት የሰው አገር ወሬ ለማሰማት ብቻ አይደለም። በእኛ አቈጣጠር የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የተፈተኑት ፈተና ውጤት ሲገለጽ፥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያገኙት ከ100 ተማሪዎች 3.3 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ሁላችንም ሰምተናል። በር እንዲህ ሲጠብ ወላጅ ምን እንደሚያደርግ ከኮሪያ አይተናል። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞቻችን ደመወዝተኛው ከጠባብ ገቢው ቀንሶ ለልጁ አስጠኚ ይቀጥራል፤ ልጁም ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሳያወርድ ሁለተኛ ትምህርት ይጠብቀዋል። ብይና ሱዚ የሚጫወትበት ሰዓት ከየት ይመጣል? ይህን የሚያደርግ ወላጅ የሚወቀስ አይደለም። ነገር ግን ልጅ እንቅልፍ፥ ጨዋታና ከአባትና ከእናቱ ጋር የሚነጋገርበት ጊዜ እንደሚያስፈልገው እንዳንረሳ አሳስባለሁ። የፊንላንዶቹ 15 ደቂቃ ዕረፍት ገንዘብ አይጠይቅም፤ በየቤታችን ዛሬ ማታ ሊጀመር ይችላል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። ከአድማጮቼ ብዙዎቻችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ናችሁ። ወደ ቤት ስትገቡ ወላጆች፥ ቢሮ ስትገቡ ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ ዕድል በእጃችሁ የሚያልፍ ሰዎች ናችሁ። የትምህርት ቤት በጀት የሚያዘጋጀው፥ የጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚያዝዘው፥ የሰፈር ልጆች ኳስ የሚጫወቱበትን ሜዳ ለግንባታ ይዋል አይዋል ብሎ አስተያየት የሚጽፈው ከእናንተ መካከል ነው። የፊንላንድ ሣጥን ከሰማይ አልወረደም፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ታስቦ፥ በጀቱ ተቈርጦ፥ በጸሐፊዎች እጅ ተመዝግቦ ነው ወደ እናቶች የደረሰው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በእኛ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. የተጀመረው የተማሪዎች ምገባም ይህ ሥራ በእኛም አገር የማይቻል እንዳልሆነ ያሳያል።

እንግዲህ ወደ አባቶቻችን ቃል እንመለስ። ልጅ በዕድሉ ያድጋል ማለታቸው እውነት ነው። ዕድሉን ግን በኮሪያ ወላጅ ብቻውን በሬውን ሸጦ ሊገዛው ሞከረ፤ በፊንላንድ ሁሉም አዋጥተው በጋራ አዘጋጁት። ወላጅ ብቻውን ሲሸከመው ሸክሙ በልጁ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ነገ ቢሮ ገብታችሁ ስለ ልጆች የተጻፈ አንድ ወረቀት በጠረጴዛችሁ ላይ ብታገኙ፥ የራሳችሁ ልጅ ስም ያለበት ያህል ቈጥራችሁ ሳታሳድሩት እንድትፈጽሙት በማክበር እለምናችኋለሁ።